ኦሃዮ ከነተሳቢው

የእህቴ ልጅ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የተዛወረችው በቤት ኪራይ ተማርራ ነው። ዕቃዋ ሶፋ፣ አልጋ፣ መሶብ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ እንዲሁም ኮሎምበስ ውስጥ የአበሻ ሱቅ የሌለ ይመስል በጆንያ የተደረደረ የጤፍ ዱቄት ነበር። የጭነት መኪና ኪራይ ስንጠይቅ ዋጋው አስደነገጠን። ትንሽ ተሳቢ ግን በርካሽ ትገኛለች፤ የቸገረው የሚጎትታት ነው።

«የኔ ሲየና ምን ሠርታ ትበላለች?» አለ የሚስቴ ወንድም። የመኪናዋን መመሪያ አገላብጦ እስከ 3,500 ፓውንድ፣ ወደ 1,600 ኪሎ ግድም እንደምትጎትት አነበበልን። መጎተቻ ግን የላትም። ጋራዥ ቢጠይቅ የእጁ ዋጋ ከብረቱ በለጠበት። «ለጥቂት ቡሎን!» ብሎ ብረቱን አስመጣና ስልኩ ላይ ቪዲዮ ከፈተ።

አበሻ በበዛበት ግቢ «ራሴ እሠራዋለሁ» ብሎ ነገር የለም። ክሪኩ ገና ሳይነሳ አስተያየት ሰጪው ከበበን። አንዱ «እሱ ቡሎን ይበጠሳል» ብሎ ሄደ፤ ትንሽ ቆይቶ መበጠሱን ለማየት ተመለሰ። እኔ ባትሪ ያዥ ሆኜ ተመደብኩ። ባትሪ መያዝ ቀላል የሚመስለው ላልያዘ ነው፤ የማይታየው ሁሉ የባትሪ ያዡ ጥፋት ነው።

በመጨረሻ ጋሼ መጡ። ጋሼ አሁን ከታክሲ ሥራ ጡረታ ወጥተዋል እንጂ፣ የ1990ው ጦርነት የአሰብን መንገድ እስኪዘጋው ድረስ ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ይዘው ከወደቡ በሚሌ፣ በባቲ፣ በኮምቦልቻ አድርገው አዲስ አበባ ይገቡ የነበሩ ሰው ናቸው። ቪዲዮውን ጥቂት አዩና «ይሄ ልጅ እጁ ግሪስ አልነካውም» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። «ማርሚታውን አውርድ።»

ማርሚታው የተንጠለጠለው በወፋፍራም ላስቲኮች ነው። መጎተቻው እንዲገባ ከላስቲኮቹ ወጥቶ ዝቅ ማለት አለበት፤ ላስቲኮቹ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዘንጉ ጋር ተጣብቀው ኖረዋል። የሚስቴ ወንድም በፒንሳ ሳበ፣ በካቻቢቴ ፈለቀቀ፣ ሰደበ። ጋሼ የሣህን ሳሙና በውሃ አስበጥብጠው ላስቲኩን አስቀቡት። ዘንጉ ሙልጭ ብሎ ሲወጣ ማርሚታው ደረቱ ላይ አረፈ። ከዚያ ደግሞ የቡሎኖቹ ተራ ሆነ። ዳዶዎቹ ሻንሲው ላይ ተበይደው የመጡ ናቸው፤ በረዶ ሲጥል መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ግን ጥርሳቸውን በዝገት ሞልቶታል። በሽቦ ቡሩሽ ተፈግፍገው፣ ዘይት ጠጥተው፣ ቡሎኖቹ በልካቸው ጠበቁ። አንዱም አልተበጠሰም። ሟርተኛው ሰውዬ ቅር ብሎት ወደ ቤቱ ገባ።

ቀጥሎ የመብራቱ ሥራ መጣ። ወደ ተሳቢዋ የሚሄዱት ሽቦዎች አራት ናቸው፦ ነጩ ማሳ፣ ቡናማው የኋላ መብራት፣ ቢጫው የግራ፣ አረንጓዴው የቀኝ። ተሳቢዋ ላይ ፍሬንና ፍሬቻ በአንድ አምፖል ይሠራሉ፤ መኪናዋ ላይ ግን የየራሳቸው ሽቦ አላቸው። ስለዚህ መሃል ገብታ ሁለቱን የምታስማማ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ለዚህ ሥራ ከአገር ሽማግሌ የረከሰች ናት። የሚስቴ ወንድም ሳጥኗን ለጠፈ፣ ነጩን ሽቦ ላሜራው ላይ በብሎን አሰረ።

«ቀለሙን ፋቅከው?» አሉ ጋሼ።

«ቪዲዮው ላይ አልፋቀም።»

ጋሼ ዝም አሉ። ተሳቢዋ በጠራራ ፀሐይ ተቀጥላ ፍሬን ተረገጠ፣ «በራ!» ተባለ፣ ተጨበጨበ። ጭነቱን ግን ለማንም አልሰጡም። ዱቄቱንና ከባድ ከባዱን ወደ ፊት፣ ሶፋውን ወደ ኋላ አስደረጉ፤ ከክብደቱ ስድሳ በመቶው ከጎማው ፊት ካልሆነ ተሳቢ ፍጥነት ሲጨምር ጅራቷን እያወዛወዘች መኪናውን ይዛ ትሄዳለች። ሰንሰለቶቹንም ከስር አጠላለፉ። ከዚያ «እናንተን ብቻችሁን አለቅም» ብለው ከፊት ወንበር ተቀመጡና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ወደ ኋላ አቀበሉኝ። ፈታሁት፤ የእንጨት ታኮ ነው።

«ረዳት ነህ» አሉኝ።

ተሳቢዋ ላይ ከ55 ማይል በላይ አትንዱ የሚል ተለጥፏል። ወደ 88 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ለጋሼ ይህ በረራ ነው፤ እሳቸው በሚያውቁት ዳገት ረዳቱ ታኮ ይዞ በእግሩ ከመኪናው እኩል ይሄድ ነበር። ፍሬድሪክን፣ ሃንኮክን አልፈን በ68 ቁጥር አውራ ጎዳና የሳይድሊንግ ሂልን ዳገት ስንያያዘው ሲየናዋ ማርሽ ቀንሳ ማጓራት ጀመረች። ጋሼ ዞር ብለው «ተዘጋጅ» አሉኝ። በሜሪላንድ አውራ ጎዳና ላይ፣ ቀበቶዬን እንደታሰርኩ፣ ታኮዬን አቅፌ ተዘጋጀሁ።

እዚያ ተራራው 340 ጫማ ያህል ወደ ታች ተቆርጦ መንገዱ በመሃሉ ያልፋል፤ የድንጋዩ ንጣፎች ግራና ቀኝ ጎብጠው ይታያሉ። ለማድነቅ ጊዜ አላገኘንም። መሽቷል፣ መብራት አብርተናል፣ ከኋላችን ያለው ከባድ መኪና ደጋግሞ ረጅም መብራት ያበራብናል። ማረፊያው ገባንና እኔ ወርጄ ታኮዬን ጎማ ስር ሻጥኩ። የግራ ፍሬቻ ሲበራ ተሳቢዋ በግራም በቀኝም እየፈዘዘች ትጠቅሳለች። ፍሬን ሲረገጥ ጭራሽ ትጠፋለች።

የሚስቴ ወንድም ስልኩን አውጥቶ ኔትዎርክ ፍለጋ ወደ ሰማይ አነሳው። ጋሼ ተሳቢዋን ከኳሱ ላይ ነቅነቅ አደረጓት፤ መብራቱ ተስተካከለ። ለቀቋት፤ ተበላሸ። «ነጩ ሽቦ ቀለም ላይ ነው የታሰረው። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በኳሱ እየተመለሰ ነው፤ መንገዱ ሲያነቃንቀን ይቋረጣል። ያን ጊዜ በሌላው አምፖል ዞሮ መውጫ ይፈልጋል።» ብሎኑን አስፈቱት፣ ላሜራው ነጭ ሆኖ እስኪያብረቀርቅ በካቻቢቴ አስፋቁት፣ መልሰው አሳሰሩት። ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ሆነ። ባትሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ማንም አላነሳውም።

ኮሎምበስ የደረስነው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ወደ ኋላ አስገብቶ ማቆም ግን ከጉዞው ባሰ። አጭር ተሳቢ ከረጅሙ ይልቅ ተንኮለኛ ናት፤ መሪው ገና ሲነካ ትታጠፋለች። የሚስቴ ወንድም ቆሻሻ መጣያው ላይ ሊወጣ ሲል ጋሼ አስወረዱት። መሪውን ከታች በኩል በአንድ እጅ ያዙ፤ እጅ በሄደበት ተሳቢዋም ትሄዳለች። እኔ ከኋላ «ና! ና! በል! በቃ!» እያልኩ መራኋቸው። አስፋልቱ ላይ በተሰመሩት በሁለቱ ቢጫ መስመሮች መሃል ገብታ ቆመች።

በጩኸቴ የነቁ አበሾች በፒጃማ ወርደው ከበቡን። አንዱ መጎተቻውን በስልኩ ብርሃን እያየ ካምሪ እንዳለው፣ እሱም ዕቃ የሚያመጣለት እንደሚፈልግ ነገረን። «ይጎትት ይሆን፣ ጋሼ?»

ጋሼ ከመኪናዋ ወረዱ፣ ወገባቸውን ያዝ አድርገው ተንጠራሩ፣ ወደ ካምሪው ሄደው ጎንበስ ብለው ከስሩ አዩ።

«ክሪክ አለህ?» አሉት።