ከየትኛው ቀይ ላስማማልህ?

ቮልስ ያለው ሰው ብቸኝነት አያውቅም። መንገድ ዳር ባቆማት ቁጥር አንዱ መጥቶ አባቱ እንዲህ ዓይነት እንደነበረችው ይተርክለታል፤ ሌላው «አትሸጣትም?» ይለዋል። የቀኝ የፊት ፓራፋንጎዋን አንድ ሚኒባስ ገጭቶብኝ ከሄደ ወዲህ ግን ጎብኚዎቼ ሁሉ የቀለም ባለሙያ ሆነዋል።

ጉዳቱ ቀላል ነበር። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን የታሰሩ ናቸው፤ ፈትቶ፣ ቀጥቅጦ፣ ስቱኮ አልብሶ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ መመለስ ለደህና ቀጥቃጭ ምንም አይደለም። የቀረው ቀለም ነው። ለእሱም ተዘጋጅቼበታለሁ። መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት ናት፤ የቀለሟ መለያ ኤል 456፣ ስሙም ሩቢ ሬድ እንደሚባል አጥንቼ፣ በወረቀት ጽፌ፣ ለቀለም ቀቢው በኩራት ዘረጋሁላቸው። አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ናቸው። አነበቡትና አጥፈው መለሱልኝ።

«ይኼ የልደት ሰርተፊኬቷ ነው። እኔ የምቀባው የዛሬዋን ነው። ከየትኛው ቀይ ላስማማልህ?»

«ከመኪናዋ ነዋ ጋሼ!»

ክንዴን ይዘው ዙሪያዋን አዞሩኝ። ጣራዋ ወደ ሮዝ ተጠግቷል። በሮቿ አሁንም ቀይ ናቸው ቢባል ውሸት አይሆንም፤ የግራው ግን ዘመኑን ሁሉ አጥር ጥላ ሥር ስላሳለፈ ከቀኙ ይጠቁራል። የፊት ክዳኗ ከጣራውም ከበሩም አይገጥም። በሩን ከፍተው ማጠፊያው ሥር ፀሐይ ያልደረሰበትን ቦታ አሳዩኝ፤ ሩቢው እዚያ ተደብቆ ኖሯል። ችግሩ ታዲያ ፓራፋንጎው የሚቀመጠው በክዳኑና በበሩ መካከል መሆኑ ነው። አንዱን ሲመስል ከሌላው መጣላቱ የማይቀር ነው።

ጥፋቱ የፀሐይ ነው፤ ቀይም ራሱ ንጹሕ አይደለም። ቀይ ነገር ቀይ ሆኖ የሚታየን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን ውጦ ቀዩን ስለሚመልስልን ነው። የሚውጠው ሰማያዊ ብርሃን ከቀዩ የበለጠ ጉልበት አለው፤ ከአልትራቫዮሌት ጨረር ጋር ተባብሮ ቀለሙን ከውስጥ ያፈርሰዋል። ጨረሩ ደግሞ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ቮልፍስቡርግ ላይ ቀለሙን የመረጡት ጀርመኖች እንጦጦ ሥር ስለሚቆም መኪና የሚያሳስባቸው ነገር አልነበረም።

ጋሼ መበጥበጥ ጀመሩ። የደበዘዘ ቀይ፣ ቀይ ላይ ነጭ በመጨመር ብቻ አይገኝም፤ ነጩ ትንሽ ከበዛ የሕፃን ብርድ ልብስ ይሆናል። ቢጫ ጠብ፣ ቡኒ ጠብ፣ ጥቁር እንደ ቅመም። በቆርቆሮ ክዳን ላይ ቀብተው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፤ እርጥቡ የሚናገረው ሌላ፣ የደረቀው የሚናገረው ሌላ ነውና። ጥላ ውስጥ ልክ የሆነው ፀሐይ ላይ ሲወጣ ይከዳል፤ ከተለያየ ቀለም የተቀመሙ ሁለት ቀዮች በአንድ ብርሃን ተመሳስለው በሌላው ይለያያሉ።

ሸንጎውም ተሰበሰበ። ሊስትሮው «ትንሽ ጠቁሯል» አለ። ዳቦ ይዘው የሚያልፉ እናት «ኧረ ፈክቷል ልጄ» አሉ። ከሁሉ የባሰው አማቼ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግራና ቀኙ የማይገጥም ካልሲ አድርጎ የሚወጣ ሰው፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «ብርቱካንነት ይጎድለዋል» አለ።

ተስፋ ስቆርጥ ለጋሼ አንድ ታሪክ ነገርኳቸው። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1995 ፖሎ ሃርሌኪን የሚባል መኪና ሠርቶ ነበር፤ በሩ በአንድ ቀለም፣ ክዳኑ በሌላ፣ ፓራፋንጎው በሌላ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና አረንጓዴ፣ ሆን ተብሎ። 3,800 ያህል ተመረቱ።

ጋሼ ብሩሻቸውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ። «ቀለም ቀቢው ተከፈለው?»

«እንዴታ።»

«ሀገሩ የት ነው አልከኝ?»

በመጨረሻ ፍርዱ ለበሩ ሆነ። ክዳኑን በፖሊሽ ሲያሹት ላዩ የሞተው ቀለም ከጨርቁ ጋር ተነሣ፤ ጨርቁ ቀላ፣ ክዳኑም ወደ ድሮ መልኩ ትንሽ ተመለሰ። ከሁሉ በላይ ግን የታደገን በፓራፋንጎውና በአካሏ መካከል የሚገባው ጥቁር ጎማ ነው። ዓይን ልዩነት የሚይዘው ሁለቱ ቀለሞች ሲነካኩ ነው፤ መሐላቸው ጥቁር መስመር ከገባ ይሞኛል። እንዲህ ያለ አስታራቂ በየቤቱ ቢኖር ጥሩ ነበር።

አማቼ አሁንም ብርቱካንነት ይጎድለዋል ይላል። እናንተ ግን መንገድ ላይ ካገኛችኋት እባካችሁ ከጎን እዩዋት፤ ከተቻለም ማታ፣ ቢጫ የመንገድ መብራት ሥር።