ሽመላና የጭላዳ ልጆች

ተረት ተረት። በስሜን ተራራ፣ ቀን ሣር እየነጩ ውለው ሌሊት ገደል ላይ የሚያድሩ ጭላዳዎች «ልጆቻችን በጊዜያቸው አፍ እየፈቱ ነው ወይ?» ብለው መከሩ። መላ አለኝ ያለው ሽመላ ነበር። ሽመላ በአውሮፓ ብርድ ሲገባ የሚመጣ፣ ብዙ አገር ያየ እንግዳ ነው፤ በአገሩ ጫጩቶች የተፈተነ የቃላት ዝርዝር ይዟል። «በዚህ መዝኑ፤ በእኛ ዘንድ ሠርቷል» አላቸው። በቅን ልብ ነው ያለው።

የእመት ጭላዳን ልጅ አስቀርቦ «ጭስ ማውጫ የታለ?» አላት። ዝም። «የነፋስ ወፍጮስ?» ዝም። እናቷ ሣር ልታጎርሳት ስትል ልጅቷ ፊቷን አዙራ «አልበላልሽም!» አለች። ሽመላ «አንድ ቃል» ብሎ ጻፈ። እምቢታው፣ መብላቱ፣ ማን እንደማይበላ፣ በማን ላይ እንደተኮረፈ ሁሉ በዚያች ቃል ታጭቆ ነበር። የሽመላ ሚዛን ግን ተነጣጥሎ የቆመውን ብቻ ነው የሚቆጥረው።

ማታ ውጤቱ ሲነበብ የመንጋው ልጆች በሙሉ «ዘገምተኛ» ተባሉ። እናቶች ተቆጡ። «ልጅ ሲደርስ ይናገራል! ከእንግዲህ መዛኝ አይምጣብን» ብለው ዝርዝሩን ገደል ሰደዱት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ከዚህ ወዲያ የሆነው ነው። በመንጋው ውስጥ ጆሮው የማይሰማ አንድ ሕፃን ነበር። ሁሉም ወድቀው ስለነበር የእሱን መውደቅ ለይቶ ያየ የለም፤ ሚዛኑ ሲጣል ደግሞ የሚያይለት ጨርሶ ጠፋ። ክረምት አልፎ ክረምት መጣ። ነብር በመጣ ቀን መንጋው ጮኾ ሲበተን፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሣሩን ይነጭ ነበር። አያቱ ተመልሳ በክንዱ ጎትታ አተረፈችው።

ያን ሰሞን ከኬንያ ባሕር ዳር፣ ከኪሊፊ የመጣች ወፍ ይህን ሰማች። «በእኛ በኩል ያሉ ሰዎች የኪጊሪያማና የኪስዋሂሊ ተናጋሪ ሕፃናትን ሊመዝኑ ሲነሱ የባዕዱን ዝርዝር እንዳለ አልገለበጡም። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችም ወረቀት አልሰጡም፤ ልጃችሁ ምን ምን ይላል ብለው በቃል ጠየቋቸው» አለች።

አያቲቱ እናቶችን ሰበሰበች። ሣር፣ ገደል፣ ነብር፣ እዘዪኝ፣ አውርጂኝ፤ የትኛው ቃል በስንት ወር እንደሚመጣ እያንዳንዷን ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ወደኋላ የቀረ ልጅ ከእኩዮቹ ተለይቶ ይታይ ጀመር። ያ ሕፃንም ጆሮው ታየለት፤ መንጋው በእጅ ምልክት ያናግረው ያዘ።

ጭላዳዎቹ ደስ ብሏቸው ዝርዝራቸውን ይዘው ወደ ቆላ፣ ወደ ጉሬዛዎቹ ጫካ ወረዱ። «በዚህ መዝኑ፤ በእኛ ዘንድ ሠርቷል» አሏቸው።

አሮጊቷ ጉሬዛ አዳምጣ ስትጨርስ «የእኛ ልጆች ገደል የሚባል አያውቁም፤ አፍ የሚፈቱት በቅርንጫፍና በቅጠል ነው» አለች። «ስለ ልጆቻችን ማወቅ ከፈለጋችሁ ቁጭ በሉና ጠይቁን።»

ወጣቶቹ ሊከራከሩ ሲከጅሉ አያቲቱ ዝም አሰኘቻቸውና ከጉሬዛዋ አጠገብ ተቀመጠች። «በይ ንገሪን እቴ፤ መጀመሪያ ምን ይላሉ?»