ራሰ በራውም ያጥልቅ

በፈረንሳይና በጣሊያን የሕዝብ መዋኛ ገንዳዎች በር ላይ ጸጉር ያለውም የሌለውም እኩል ነው። በአብዛኞቹ የዋና ኮፍያ ያላጠለቀ አይገባም፤ አለቀ። አናቱ እንደ ብርሌ የሚያበራ ጎልማሳ "ምን የሚረግፍ አለኝ ብላችሁ ነው?" ብሎ ቢከራከር ጠባቂው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ በጣቱ ያሳየዋል። ደረቱና ጀርባው በጸጉር የተሸፈነው ጎረቤቱ ግን አናቱን ብቻ ሸፍኖ ዘው ይላል። ስለ ደረት ጸጉር ደንቡ ትንፍሽ አይልም።

ኮፍያውን ገዝቶ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ተስፋ አለው፤ ጸጉሬን ከውኃ ያድንልኛል የሚል። አያድንም። ትንሽ እንደዋኙ ውኃው በማጅራትና በጆሮ ግንድ በኩል መንገዱን ያገኛል። የኮፍያው ዋና ተጠቃሚ ሌላ ነው፤ ገንዳው። የሚረግፍ ጸጉር ማጣሪያውን ይደፍናል፤ የራስ ቅባትና ላብም ውኃውን እንዲያጸዳ የተጨመረውን ክሎሪን ይሻማሉ። እንግዲህ ዋናተኛው በገዛ ገንዘቡ፣ በገዛ ራሱ ላይ የሚያጠልቀው የገንዳውን ማጣሪያ መጠበቂያ ነው ማለት ነው።

ለባለቤቱም ቢሆን ጨርሶ ከንቱ አይደለም። ረጅም ጸጉር ዓይንና አፍ ውስጥ እየገባ አያስቸግርም፤ የመነጽሩ ማሰሪያም አይንሸራተትም። ጸጉሩን አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ አርሶ ኮንዲሽነር የቀባ ሰው ደግሞ ጸጉሩ የሚጠጣውን ክሎሪን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ውኃ የጠገበ ጸጉር የገንዳውን ውኃ እምብዛም አይጠጣምና። በሐይቅና በባሕር ላይ ጉዳዩ ከጸጉርም ያልፋል። ብርቱካናማ ኮፍያ ያደረገ ራስ ለጀልባ ነጂ ከሩቅ ይታያል፤ ጥቁር ጸጉር ግን ከማዕበሉ መለየቱ ይቸግራል።

ችግሩ የሚጀምረው ሲያጠልቁት ነው። የላቴክሱ ርካሽና ስስ ነው፤ ጸጉር ይነጫል፣ ጥፍር ከነካው ይቀደዳል፣ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ጭራሽ ያስቆጣል። ሲሊኮኑ ወፍራምና ረጅም ዕድሜ ያለው ሲሆን ሙቀት አያስወጣም፤ እንደ ሶደሬ ባለ ፍል ውኃ እሱን አጥልቆ መንቦራጨቅ አናትን በገዛ ፈቃድ መቀቀል ነው። የጨርቁ ይመቻል፤ ውኃውንም ያለ አንዳች ክርክር ያስገባል። ሁሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ግንባር ላይ ቀይ መስመር አስምረው ይሄዳሉ። በምሳ ሰዓት ዋኝቶ ወደ ቢሮ የተመለሰ ሰው የት እንደዋለ ለአለቃው መናገር አያስፈልገውም።

ፍጥነት ይጨምራል ለሚሉት ደግሞ ማርክ ስፒትዝ አለ። በ1972 የሙኒክ ኦሎምፒክ ሰባት ወርቅ በሰባት የዓለም ክብረ ወሰን ሲያፍስ ኮፍያ አላደረገም፤ በዚያ ላይ ፂም ነበረው። ራሱ እንደተረከው፣ ለአንድ የሶቪየት አሠልጣኝ "ፂሜ ውኃውን ከአፌ ይመልስልኛል" ብሎ ቢቀልድበት፣ በዓመቱ የሶቪየት ወንድ ዋናተኞች ፂም አሳድገው መጡ። ዛሬ እንዲህ ያለ ድፍረት የለም። ለስላሳ ሲሊኮን ከጸጉር ይልቅ ውኃን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ሻምፒዮኖቹ ኮፍያ አይለዩም፤ ብዙዎቹም ሁለት ይደርባሉ፤ አንዱን ከመነጽሩ ማሰሪያ ሥር፣ ሌላውን ከላይ።

ይሁንና ላስቲክ ላስቲክ ነው። በ2016 ሪዮ ላይ፣ በ4 በ200 ሜትር የነጻ ቀዘፋ ዱላ ቅብብል፣ የማይክል ፌልፕስ ኮፍያ ተራው ሊደርስ ሲል ተቀደደበት። ቀድሞት የዋኘውን የኮኖር ድዋየርን ተውሶ፣ የሰው ስም እንዳይታይበት ገልብጦ አጠለቀና 21ኛ የኦሎምፒክ ወርቁን ይዞ ወጣ። በ2024 ፓሪስ ላይ ደግሞ የአንዲት አሜሪካዊት ኮፍያ ገንዳው ወለል ላይ ቀርቶ ውድድር አስቆመ። ባለ ቀለም ሙታንታ ብቻ የለበሰ ደንዳና ሰው ብቅ ብሎ ጠልቆ ሲያወጣው አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለዓመታት የሠለጠኑት እንኳ በማጣሪያው ውድድር እንዲህ ያለ አቀባበል አላገኙም።

የማያስቀው ክፍል የመጠን ጉዳይ ነው። ተራው ኮፍያ የተሠራው ለተኛ ጸጉር ነው። አፍሮ፣ ድሬድ ወይም ወፍራም ሹሩባ አይገባበትም፤ ቢገባም አያልፍለትም። ሶል ካፕ የተባለ የለንደን ኩባንያ ሰፊ ኮፍያ ሠርቶ በ2021 ለቶኪዮ ኦሎምፒክ እንዲፈቀድለት ቢጠይቅ፣ የዓለም የዋና ፌዴሬሽን ፊና "የጭንቅላትን ተፈጥሯዊ ቅርጽ አይከተልም" ብሎ መለሰው። የማንን ጭንቅላት ለክቶ እንደሆነ አልተናገረም። በዚያው ኦሎምፒክ አሊስ ዲሪንግ ለብሪታንያ በመዋኘት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ እሷው የሶል ካፕ አምባሳደር ነበረች። ቁጣው ሲበረታ ፌዴሬሽኑ ጉዳዩን እንደገና አየውና በመስከረም 2022 (እንደ ፈረንጆቹ) ኮፍያውን ፈቀደ።

ነገሩ ለአዲስ አበባም ሩቅ አይደለም። ቅዳሜን ጸጉር ቤት ተቀምጣ የተሠራች ሴት እሑድ ሆቴል ገንዳ ስትገባ ምርጫዋ ሁለት ነው፤ ሹሩባዋን በጠባብ ላስቲክ መጨፍለቅ ወይም አንገቷን ቀስራ ዳር ዳሩን መንሳፈፍ። ብዙዎቹ ሁለተኛውን ይመርጣሉ፤ ዋናም ሳይለምዱ ይቀራሉ። ስለዚህ የገንዳ ባለቤቶች ሆይ፣ ኮፍያ ግዴታ ማድረጋችሁ ተገቢ ነው፤ ራሰ በራውም ቢሆን ያጥልቅ። ነገር ግን በራችሁ ላይ ከምትሸጡት መካከል ሹሩባ የሚችል ሰፊ ኮፍያም ይኑር።