አያ ታንክና እመት ፓምፕ

ላምባ ከናፍጣ ይረክስ በነበረበት ዘመን፣ እህል ጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሰኞ ገበያ የሚመላለስ አንድ አሮጌ መኪና ነበር። በውስጡ ብዙ ነዋሪ አለ፤ ነዳጅ የሚቀበለው አያ ታንክ፣ ጉድፍ የምታስቀረው እመት ፊልትሮ፣ ነዳጁን ገፍታ ለኖዝሎች የምታድለው እመት ፓምፕ፣ ከፊት ደግሞ አፉን የማይዘጋው ጥሩምባ።

አንድ ማለዳ ባለቤቱ ትርፍ አማረውና በናፍጣው ላይ ላምባ አስቀየጠበት። አያ ታንክ እስከ አፉ ሞላ። «ጠገብን!» አለ፤ ጥሩምባውም ወሬውን እስከ ቦርከና ድረስ አስተጋባ። እመት ፊልትሮ ሽታው ቢያጠራጥራትም እሷ የምትይዘው አሸዋና ዝገት ነው፤ ላምባ ግን ናፍጣ መስሎ፣ ከናፍጣ ጋር ተዋህዶ መጣ። «ጉድፍ አላየሁበትም» ብላ አሳለፈችው።

እመት ፓምፕ ዘንድ ሲደርስ ነገር ተበላሸ። ነዳጁን የሚገፉት ብረቶቿ ፀጉር በማያስገባ ክፍተት ነው የሚላወሱት፤ የሚያለሰልሳቸውም ሌላ ዘይት ሳይሆን የሚያልፈው ናፍጣ ራሱ ነው። ላምባ ይነዳል እንጂ እንደ ናፍጣ አያለሰልስም።

«አያ ታንክ፣ ዛሬ የዋጥኸው ምንድን ነው? ብረቴ እየተፋቀ ነው» አለች።

«መኪናው እየሄደ አይደለም እንዴ?» አላት።

እየሄደማ ነበር። በኮምቦልቻ ሜዳ ልዩነቱን ማንም አያውቀውም። ጎማዎቹም «አንቺ ደግሞ አቤቱታ አታጪም» ብለው አጉረመረሙባት። ላምባው መጨመሩን ቀጠለ፤ እሷም ዝም ብላ ተፋቀች። ብናኟ ወደ ኖዝሎቹ ወረደ፤ በስሱ መርጨታቸው ቀርቶ ያንጠባጥቡ ጀመር።

የመኪናው ክፍሎች ንግግር ተረት ነው፤ ቅየጣው ግን ተረት አይደለም። መንግሥት የሁለቱን ዋጋ እኩል ያደረገው ይህን በር ለመዝጋት ነበር፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ናፍጣም ላምባም በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ነበሩ። የሚያሳዝነኝ በሩ እስኪዘጋ ስንት ፓምፕ እንደተፋቀ ነው።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ መኪና ግን 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል። ያ መኪና ጢም ብሎ ተጭኖ የሐረጎን ዳገት ሲጀምር ጥቁር ጭስ ተፋ፣ አነከሰ፣ ጠመዝማዛው ላይ ቀጥ አለ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ወተፈ። ጥሩምባው ጮኸ፣ ጮኸ፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም።

ከደሴ የመጣው መካኒክ ፓምፑን ፈታና የተፋቀውን ብረት በጣቱ ዳሰሰ። «ይህ የአንድ ቀን ጉዳት አይደለም። ላምባው የገባ ቀን ቁልፍ ሳይዞር ብትጠሩኝ ኖሮ ታንኩን አንጠፍጥፌና አጥቤ እሸኛችሁ ነበር» አለ።

«እኔ ሞልቼ ነበር» አለ አያ ታንክ። «እኔም ጉድፍ አላየሁም» አለች እመት ፊልትሮ። ጎማዎቹ «እኛ ምን አገባን» አሉ። እመት ፓምፕን የጠየቃት የለም፤ ተፈትታ በጨርቅ ተጠቅልላለች።

ከላምባ የተረፈው ገንዘብ ለአዲስ ፓምፕ አልበቃም። ባለቤቱ የሰው እህል እዚያው ሐረጎ ላይ በርካሽ ሸጦ ጨመረበት፤ ዕዳው ዛሬም አልተከፈለም።