«ጣዖት የለንም» ላልከኝ

«ኑዌር ከብት ያመልካል» አለኝ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ካለችው ኒውላንድ ሰፈር ወጣ ብለን ሳለ አንድ ጎረምሳ የበሬውን አንገት እያሻሸ ሲያዜምለት አይቶ ነው።

«የሚያመልከውን የሚያርድ ሰው የት አይተሃል?» አልኩት።

ኑዌር በሬውን ይወዳል፤ ማን ይክዳል! ወንድ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ በሬ ይሰጠዋል፣ በበሬው ስም ይጠራል፣ ይዘፍንለታል። ጥሎሹም ከብት ነው። በነባሩ ሃይማኖት ግን በሽታ ቤቱ ሲገባ ወይም ደም ሲፈስ ያንኑ የሚወደውን በሬ በፈጣሪው ፊት ይሠዋዋል። በሬ ያጣው ደግሞ ኪያር ይዞ ይቀርባል፤ «በሬ» ብሎ ጠርቶ ለሁለት ይሰነጥቀዋል። ይህን የጻፈው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኑዌሮች መካከል የተቀመጠው እንግሊዛዊው ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። ኑዌር ለፈጣሪው ምስል አልቀረጸለትም፤ እንደ ነፋስ በሁሉ ስፍራ አለ ይላል እንጂ።

«አንተስ ያቺን አዲሷን መኪናህን ለታመመ ወንድምህ ማሳከሚያ ትሸጣታለህ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«መኪናና በሬ ምን አገናኘው?»

ምንም። በሬው ይሠዋል፤ መኪናዋ ትታጠባለች።

ሁለተኛው ሰው የባጃጅ ሹፌር ነው። «እኛ ወንጌል አማኞች ነን፤ ቤታችን ምስል የለም» አለኝ።

«መስታወትህ ላይ የተለጠፈው የማን ፎቶ ነው ታዲያ?»

«የነቢያችን ነው። ከአደጋ ይጠብቀኛል።»

ልስጥራን አስታወስኩት። ጳውሎስ ከበርናባስ ጋር ሳለ እዚያ ሽባውን ቢያስነሣው፣ ሕዝቡ አማልክት ወርደውልናል ብሎ ኮርማ ሊያርድላቸው ተነሣ። እነሱ ግን ልብሳቸውን ቀደው፣ እንደ እናንተው ሰዎች ነን ብለው እየጮኹ ወደ ሕዝቡ ገቡ። የእግዚአብሔር ሰው የሚለየው እንዲህ ባለው ቀን ነው። ፎቶውን አሳትሞ የሚያስለጥፍ ሰው ያን ቀን ልብሱን አይቀድም፤ ኮርማውን ይቀበላል።

ስለ ሦስተኛው ጣዖት፣ ስለ ስፖርት ቁማሩ ስለ ቤቲንግ፣ ብዙ አልልም። «መዝናኛ ነው» ይሉኛል። የልጅህ ደብተር መግዣ ከገባበት መዝናኛነቱ አብቅቷል። ጣዖቱ ሞሎክም የጠየቀው ልጅ ነበር።

ዋናው ጉዳዬ ግን ሌላ ነው። በኒውላንድም፣ በመላው ጋምቤላም፣ ምሰሶ ላይ ሳይቆም የሚሰገድለት ጣዖት አለ። ስሙ ብሔር ነው።

በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከአሥር የጋምቤላ ክልል ነዋሪ ዘጠኙ ክርስቲያን ነበር፤ ፕሮቴስታንቱ ብቻ 70 በመቶ ነበር። በዚሁ ክርስቲያን ምድር ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. አኙዋዎች በጋምቤላ ከተማ በወታደርና በደገኛ (ከደጋው አገር በመጣ ነዋሪ) እጅ በግፍ ተገደሉ። ጥር 2008 ኑዌርና አኙዋ ተጋደሉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በጀዊ የስደተኞች መጠለያ መኪና ሁለት የስደተኛ ሕፃናትን ገጭቶ ገደለ፤ ለበቀሉም ምንም የማያውቁ ደገኞች ተገደሉ። እኔ ደገኛ ነኝ። ታኅሣሥ 3ን ስጽፍ የምከስሰው የገዛ ወገኔን ነው፤ ሚያዝያን ስጽፍ ደግሞ የማለቅሰው ለገዛ ወገኔ ነው። ከሦስቱም ወገን የገደለም የሞተም አለ፤ ከገዳዮቹም ከሟቾቹም መካከል ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ የዘመረ አይጠፋም።

«ብሔሬን የሰጠኝ እግዚአብሔር ነው» አለኝ አንድ ዘማሪ።

የነሐሱንም እባብ ያሠራው እሱ ነው! ሙሴ በምድረ በዳ ሰቀለው፤ በእባብ የተነደፈ ሁሉ እያየው ዳነ። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን እስራኤል ዕጣን ያጥኑለት ጀመር፤ ንጉሡ ሕዝቅያስም ሰባበረው። የሙሴ እጅ ሥራ ነው፣ የአባቶች ቅርስ ነው ብሎ አልማረውም። በኑዌሩ ግንባር ላይ ያሉት ስድስት መስመሮች ስጦታ ናቸው። የአኙዋው ዶቃ ስጦታ ነው። የደገኛውም ቋንቋ ስጦታ ነው። በራእይ ዮሐንስ በዙፋኑ ፊት የሚቆሙት ከነገድ ሁሉ ከቋንቋም ሁሉ የመጡ ናቸው፤ ነገዳቸውን ጣሉ አልተባለም። ስጦታው «ጎረቤትህን አምጣልኝ» ያለህ ቀን ግን መሥዋዕት እየጠየቀህ ነው፤ መሥዋዕት ደግሞ የአምላክ ድርሻ ነው።

«የሚጋደሉት ወጣቶች ናቸው፣ በስሜት ተነድተው ነው» አሉኝ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ።

«ጋሼ፣ አሮንም እንዲሁ ነበር ያለው» አልኳቸው። ሙሴ ሲጠይቀው ወርቁን ወደ እሳት ብጥለው ይህ ጥጃ ወጣ ብሎ መለሰ። መጽሐፉ ግን አስቀድሞ በመቅረጫ የቀረጸው አሮን ራሱ መሆኑን ነግሮናል። ጥጃ ከእሳት ውስጥ በራሱ አይወጣም። ልጆቻችን ድንጋይ ያነሱ ቀን ሥራው አልቆ ነበር። ቡና ሲጠጣ «እነሱ እኮ ድሮም…» ያልነው እኛ ነን። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የሟቹን ጎሣ ከስሙ አስቀድመን የጠየቅነው እኛ ነን። ሹመት ሲወጣ «የእኛ ሰው ነው ወይስ የእነሱ?» ያልነው እኛ ነን። ልጆቹ የሰገዱት ቀርጸን ላቆምንላቸው ነው።

ሽማግሌው አልተቆጡኝም። «እነሱ ናቸው የጀመሩት» ብቻ አሉ።

የጀመረውን ፖሊስ ይያዘው፣ ፍርድ ቤት ይቅጣው፤ ሥራቸው ነው። አንተን ግን ጌታ የሚጠይቅህ ሌላ ነው፦ ያን ቀን በርህን ለማን ከፈትክ? ደጉ ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው ጎሣ አልጠየቀም፤ አይሁድና ሳምራውያን ደግሞ በአንድ ዕቃ የማይጠጡ ሕዝቦች ነበሩ።

የኒውላንድ አገልጋዮች፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። ስለ ባዕድ አምልኮ ስትሰብኩ የእንጨትና የድንጋዩን ጣዖት ለጊዜው ተዉትና ይህንን ብሔር የተባለውን በስሙ ጠርታችሁ ስበኩ። እናንተ በኑዌርኛ ስበኩት፤ የአኙዋ አገልጋዮችም በቋንቋቸው ይስበኩት፤ እኛም በአማርኛ እንሰብከዋለን። ሰላም በሰፈነበት በአንድ እሑድም ሦስታችንም ተጠራርተን የጌታን እራት ከአንድ ገበታ እንውሰድ። ቀኑን እናንተ ቁረጡ፤ ሌላ ግጭት እስኪነሣ ግን አትጠብቁ።