ሰንጋና ማሽላ በአንድ በር

ኤዲያ! ባልንጀሮቼ፣ ይህንንም አየን። የዙሪኩ ፖሊቴክኒክ (ልጆቹ ኢ.ቲ.ኤች. ይሉታል፤ እኔ ግን ሞቼ እገኛለሁ) ግብርና ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። ያን ያህል ዘመን ተከብሮ የኖረውን ትምህርት፣ የዕፅዋቱን ተቋም ከእንስሳቱ ደባልቀው አንድ የግብርና ሳይንስ ኢንስቲትዩት አደረጉት። አልበቃቸውም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ግብርናውን በሙሉ ከአካባቢ ሳይንስ ጋር ጠቀለሉት። የምግብ ሳይንሱንስ? እሱን ወስደው ከጤና ጋር አስቀመጡት። እስቲ ፍረዱኝ፤ እህሉ ከላም ጋር ተዳበለ፣ እንጀራው ሐኪም ቤት ገባ!

እኔ የተማርኩት ዓለማያ ነው፤ ዛሬ ሐረማያ የሚሉት፣ ኦክላሆማዎች አግዘው ያቋቋሙት፣ ጃንሆይ የመረቁት ኮሌጅ። እዚያ ዕፅዋት ዕፅዋት ነው፣ እንስሳት እንስሳት ነው። የዕፅዋት ተማሪ በጋጣ ደጃፍ አያልፍም፤ የእንስሳት ተማሪም ስንዴን ከገብስ ለይ ብሎ የሚያስጨንቀው አልነበረም። ሥርዓት ማለት ያ ነው። የዓለማያ ሐይቅ እንኳ ያኔ በሥርዓቱ ሞልቶ ይቀመጥ ነበር።

ደግሞ የሐረርጌ ገበሬ! ከነዚህ ሊቃውንት አንዱም አይደርስበትም። ማሽላውን አጠጋግቶ ይዘራል፤ ሲበቅል ያሳሳል፤ የነቀለውን አገዳ ደጁ ላይ ለታሰረው በሬ በእጁ ያጎርሳል። እበቱ ተመልሶ ማሳ ይገባል። የሐረር ሰንጋ እንዲያ ነው የሚሰባ። ታዲያ ያ ሰው ማሽላዬንና በሬዬን ላዋህድ ብሎ ስብሰባ ጠርቶ ያውቃል?

እዚህ ረገንስዶርፍ አብራኝ የምትኖረው የልጄ ልጅ ፖሊቴክኒኩ ያዳበለውን ይህንኑ ግብርና ትማራለች። "አባባ፣ ላሟ ሣሩን ትበላለች፣ ሣሩ በእበቷ ይበቅላል፤ እንዴት ተለያይቶ ይጠናል?" ትለኛለች። ይህን ማን እንዳስተማራት እንጃ! በእኛ ጊዜ ልጅ አያቱን አያስተምርም ነበር፤ እኔማ ዓለማያ የተማርኩትን ሁሉ ለአያቴ አስረድቼ እሳቸውም አጨብጭበውልኛል።

አሁን ደግሞ ሊንዳው ወስጄ ላሞቹን ላሳይዎት ብላለች። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፖሊቴክኒኩ፣ የዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞችና የካንቶኑ የግብርና ትምህርት ቤት ስትሪክሆፍ በጋራ የሚመራመሩበት ቦታ አለ። ሦስት ጌታ ላንድ ጋጣ! ላሚቱ ብትጠፋ ማን ይፈልጋት?

መሄዱን እሄዳለሁ፤ ባቡሩን ነው የፈራሁት። ዓለም በጥድፊያ አበደ፣ ሁሉም ይሮጣል፣ ሰው ቆሞ ሰላምታ የሚለዋወጥበት ጊዜ አጣ፤ ባለፈው ግን ያ ባቡር ተብዬ ሁለት ደቂቃ ሙሉ አስጠበቀኝ።