ለ«ድህነት ምርጫ ነው» ባዮች

«ድህነት ምርጫ ነው» አለ አሠልጣኙ፣ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ። ምርጫ ከሆነማ ሌላው ዕጩ ማን ነበር? እስቲ ደብረ ብርሃን ወዳለው የተፈናቃዮች መጠለያ፣ ወደ ቻይና ካምፕ ሂድና ጠይቅ። እዚያ በሸራ የተጠለለው ሰው ወለጋ ላይ በቆሎ የሚያመርት፣ ከብት የሚያረባ፣ በቤቱ እንግዳ የሚቀበል ገበሬ ነበር። ልጆቹን ይዞ ነፍሱን ለማዳን ወጣ። ይህን ሰው «የምታስበውን ትስባለህ» ልትለው ነው? በል እንግዲህ፣ ዓይን ዓይኑን እያየህ በለው።

አሠልጣኙ ይህን የቀዳው ከስኬት መጻሕፍት ነው፤ የምቃወመው ግን መጽሐፍ ጠልቼ አይደለም። የሚያነብ ልጅ ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም። በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ አስፋልት ዳር ኬሻ አንጥፎ፣ ካፊያው ሲጀምር ላስቲኩን ስቦ መጻሕፍቱን የሚያለብስ ወጣት የከተማዋ ባለውለታ ነው። ግን ኬሻውን ልብ ብላችሁ እዩት። ልብ ወለዱና ታሪኩ ዳር ዳሩን ይይዛሉ። መሃሉን የያዘው ሽፋኑ ላይ ኮት የለበሰ ሰውዬ ወደ ሰማይ በሚወጣ ደረጃ የሚሮጥበት፣ ዶላር የሚዘንብበት መጽሐፍ ነው። ጥሌ ከእርሱ ጋር ነው። ዶክተር ምሕረት ደበበ የአእምሮ ሐኪም ናቸው፤ ስለ አእምሮ ቢያስተምሩ ሙያቸው ነውና እሰማቸዋለሁ። ስለ ገብስ ዋጋ፣ ስለ ወለድ፣ ስለ መንገድ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ «ሚሊየነር አደርግሃለሁ» የሚለኝን ግን አልሰማም።

«ናፖሊዮን ሂልን አላነበብክማ!» ይሉኛል። አንብቤዋለሁ። «አስብና ሀብታም ሁን» ያለበት መጽሐፍ የወጣው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው፤ አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተመትታ ሥራ አጡ ገና አገሩን እንደሞላ። ሥራ ያጣ ሕዝብ ያንን መጽሐፍ ሲሻማ፣ ገዢው ነው የከበረው ወይስ ሻጩ? ዘመኑ በእኛ 1929 ነው። ያኔ አበበ አረጋይና አርበኞቻቸው በሸዋ ዱር ገብተው ከፋሺስት ጋር ይተናነቁ ነበር። ነፃነትን በሐሳቡ የሳባት አንድም አልነበረም። ስንቅ ያቀበለች፣ ወሬ ያመጣ፣ ጥይቱን ቆጥሮ የተኮሰ ነው ያመጣት።

«ኪዮሳኪስ?» ስለ ሀብታም አባትና ስለ ድሃ አባት የጻፈው ሰውዬ «ሪች ግሎባል» የሚባል ኩባንያ ነበረው። ኩባንያው በፍርድ ቤት ክርክር ተረትቶ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ክፈል ተባለና በ2012 እ.ኤ.አ. መክሰሩን አስታወቀ። ይህን ምዕራፍ ለምን አልተረጎማችሁልንም?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የአገራችንን ታሪክ ለዚህ ወሬ ማዳመቂያ ሲያደርጉት ነው። «ምኒልክ አንኮበር ላይ ሆነው ትልቅ ስላለሙ ነው ትልቅ የሆኑት!» ይባላል። ደግ። አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ስትከብር ከግርጌዋ የአልዩ አምባ ገበያ ነበራት። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ፣ አሞሌ ጨው፣ ቡና፣ ጨርቅ፣ የዝሆን ጥርስ እዚያ ይገናኛሉ፤ የንጉሡም ቀረጥ ከዚያ ይነሣል። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ የሀብትን ታሪክ አወራለሁ ብሎ ይህን መደበቅ ነውር ነው። እንግሊዛዊው ካፒቴን ሃሪስ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ መጥቶ በ1841 እ.ኤ.አ. ከንጉሡ ጋር የተዋዋለው ንግዱንና በሩን ፈልጎ እንጂ በጎ ሐሳብ ጠርቶት አይደለም።

ከዚያ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥለውም ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ዋናው የመኪና መንገድ ሲሠራ ደግሞ በደብረ ብርሃን አድርጎ በጣርማ በር ቁልቁል ወረደ። አንኮበር ወደ ጎን ቀረች። እንግዲህ መልሱልኝ፦ የአንኮበር ሰው ማሰብ ያቆመው መቼ ነው? ባቡሩ ሳይገባ ወይስ ከገባ በኋላ? ዛሬ ጎረቤላ ላይ ገደል አፋፍ የሚያርሰው ገበሬ ሕልሙ ከአያቱ ሕልም አላነሰም። ያነሰው ደጁን የሚረግጠው ነጋዴ ነው። ይህን ሰው «አስተሳሰብህን ቀይር» ከማለታችሁ በፊት ድንቹን በምን መኪና፣ በስንት ብር ገበያ እንደሚያደርስ ጠይቁት።

ደግሞ ምክርን ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አታስመስሉብን። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የዚሁ የእኛው የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የሚለው መጽሐፋቸው በ1910 ዓ.ም. ታትሟል። አባት ልጁን ሲመክር «ቀሪውን ለማወቅ ሁለተኛውን ዙር ሥልጠና ክፈል» አይልም። ከፎቅና ከመኪና በፊት ሰው መሆንን ያስቀድምለታል።

«ጃፓንም እኮ ያደገችው የራስ አገዝ መጽሐፍ አንብባ ነው» የሚለኝ ደግሞ አለ። ግማሹ እውነት ነው። ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ በ1859 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የራስ አገዝ መጽሐፍ በ1871 ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሞ በብዙ ተነቧል። ታዲያ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1872፣ የጃፓን መንግሥት የትምህርት ሕግ አወጣ፣ የመጀመሪያውንም የባቡር መስመር ከፈተ። እናንተ መጽሐፉን ይዛችሁ መጣችሁ፤ ትምህርት ቤቱንና ባቡሩን የት ጣላችኋቸው?

«ራስህን ብቻ ቀይር፣ ሌላው ይከተልሃል» ላለኝ መልሴ ከመንዝ ነው። በመንዝ ምርጡ ጠቦት ቶሎ ስለሚያድግ ቀድሞ ገበያ ይወጣል፤ ደካማው ቀርቶ መንጋውን ያስወልዳል። ግጦሹ የጋራ ስለሆነ አንድ ገበሬ ብቻውን ነቅቶ ጥሩ አውራ ቢያስቀርም፣ የጎረቤቱ ደካማ አውራ እዚያው መስክ ላይ ድካሙን መና ያስቀርበታል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ ከገበሬዎቹ ጋር መከረ። የእያንዳንዱ ግልገል ክብደት ይመዘገብ ጀመር። ዕድሜው ሲደርስ ጠቦቶቹ በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ መዝገቡ ይታያል፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ቀርበው ጀርባውን ይዳብሳሉ፣ ላቱን ያነሣሉ፣ አቋቋሙን ያያሉ፣ ይከራከራሉ። የተመረጠው አውራ በቡድን ተይዞ የሁሉንም በጎች ያስወልዳል፤ ያልተመረጠው ተቀጥቅጦ ይሰባል ወይም ይሸጣል። አያችሁ? ንባብስ አለ፤ የሚነበበው የበጉ መዝገብ ነው። ለውጥም አለ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተማምኖ ያመጣው።

«ከድሃ ጓደኞችህ ራቅ፣ ወደ ኋላ ይጎትቱሃል» የሚለው ምክር ደግሞ ደሜን ያፈላዋል። እሺ ራቅሁ እንበል። እቁቡን ከማን ጋር ልጣል? እናቴ ስታርፍ ድንኳኑን ማን ይተክልልኛል? የዶላሩ ሽፋን ላይ ያለው ሰውዬ ነው ንፍሮ ይዞ የሚመጣው? ደስታን ብቻህን ክፍልህ ውስጥ መስታወት ፊት ቆመህ ታገኘዋለህ የሚል ሰው፣ በሐምሌ ጭጋግ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲጠራራ አልሰማም ማለት ነው።

መጽሐፉ ባይሠራ የሚጠፋው የመጽሐፉ ዋጋ ነው ብለን ዝም እንል ነበር። ግን ከመጽሐፉ ሥልጠና ይከተላል፤ ከሥልጠናው «አባል ሁን»፤ ከአባልነቱ «ሁለት ሰው አምጣ፣ እነርሱም ሁለት ሁለት ያምጡ»። ይህን ዓይነቱን የፒራሚድ ሽያጭ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከልክሎታል። ስንት ተመራቂ ልጅ ከእናቱ የበግ ሽያጭ ላይ ለምኖ ከፍሎ፣ ሁለት ሰው ሲያጣ «አንተ ነህ ያላመንከው» ተብሏል። ገንዘቡን ወስደው ጥፋቱን ይመልሱለታል! ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ።

በቀደም አንዱ እንዲህ ያለ ወጣት፣ መጽሐፉን በብብቱ እንደያዘ፣ መንገድ ላይ አስቆመኝ።

«ጋሼ፣ አንተ እኮ የሰው ሕልም ትገድላለህ» አለኝ።

«ሕልምህን መቼ ነካሁት ልጄ? ለሕልምህ ብለው ለተቀበሉህ ብር ደረሰኝ ሰጥተውሃል ወይ ነው የምልህ።»

አልሰጡትም። አብረን ልንጠይቃቸው ሰኞ ተቀጣጥረናል።